መምህር «ለፋሁበት» የሚለው መቼ ነው?



በየዓመቱ ከግቢያችን ከሚመረቁት መካከል መምህር እሆናለሁ ብሎ ሳያስብ ጠመኔ የሚይዘው ብዙ ነው። ፊዚክስ ወይም ባዮሎጂ ተምሮ፣ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ በፒጂዲቲ በኩል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ቢያንስ ደመወዝ አለው» ይላል፤ ደመወዙም እንደምታውቁት ነው። ታዲያ በዚህ ሙያ ሰውን ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚያቆየው ምንድን ነው? የቆዩ መምህራንን ብትጠይቁ ብዙዎቹ ስለ ምስክር ወረቀትና ስለ ደረጃ እድገት አያወሩላችሁም። አንድ ተማሪ ድንገት «አሃ!» ያለበትን ሰዓት ነው የሚያወሩት።

ያ ሰዓት እንዴት እንደሚመጣ ለማስረዳት ከአኒ ሱሊቫን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ሥራዋን ከሥር ከሥሩ በደብዳቤ ጽፋ ትታልናለችና። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አኒ አሜሪካ የተወለደች የድሃ አየርላንዳውያን ስደተኞች ልጅ ናት። በልጅነቷ ትራኮማ ዓይኗን ጎዳው፤ ይህ በሽታ በእኛም ገጠር ብዙ ሰው ስለሚያሠቃይ ማብራሪያ አያሻውም። እናቷ ሞተች፣ አባቷ ጥሏቸው ሄደ፣ እሷም በድሆች መጠለያ ኖረች። በኋላ ቦስተን በነበረው የፐርኪንስ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ በ1886 ተመረቀች። በማርች 1887፣ ገና 20 ዓመቷ ሳለ፣ ሄለን ኬለር የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ለማስተማር ወደ አላባማ ሄደች።

ሄለን በ19 ወሯ ታምማ ከዚያ ወዲህ አታይም፣ አትሰማም። ያልፈለገችው ነገር ሲመጣ ትማታለች፤ ገበታ ላይ ከሰው ሳህን በእጇ እያነሳች ትበላለች። ቤተሰቡ ስለሚያዝንላት የሚከለክላት የለም። አኒ ልጅቷን ይዛ እዚያው ግቢ ወዳለች ትንሽ ቤት ለብቻቸው ገቡ። በጣቶቿ መዳፏ ላይ ፊደል እየሠራች የዕቃ ስም ትነግራታለች። ሄለን ምልክቱን አስመስላ ትመልሳለች፤ ቃል መሆኑን ግን አታውቅም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የኤፕሪል 5ቱን ታሪክ ነው። አኒ የሄለንን እጅ ከፓምፑ ሥር አድርጋ፣ ውሃው እየፈሰሰበት፣ በሌላው መዳፏ ላይ «ውሃ» የሚለውን ቃል ደጋግማ ጻፈችላት። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የገባት ያኔ ነው፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ሠላሳ ያህል ቃላት ጨመረች። ማታ ላይ ራሷ መጥታ መምህሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳመቻት።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ ማርች 20 የተጻፈው ደብዳቤ ነው። አኒ በደስታ ሰክራ የጻፈችው ይመስላል። ምን ተገኘና? ልጅቷ አጠገቧ ረጋ ብላ ተቀምጣ በቀይ ክር ኪሮሽ እየሠራች ነው። በቃ! አንድም ቃል ገና አልገባትም። በዚያች ሰዓት እንግዳ ቢገባ የሚያየው ክር የያዘች ልጅ ብቻ ነው። አኒ ግን ያቺው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደነበረች ታውቃለች፤ ተአምሩ የታያት ለዚህ ነው። መነሻውን ያላየ መምህር ለውጡ ዓይኑ ሥር ሆኖ ያልፈዋል።

ቁርኣን ቤት ያደግን ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ኡስታዙ እያንዳንዱን ልጅ ሉሑን አስይዞ ለብቻው ያደምጣል፤ ሳያደምጥ ወደ ቀጣዩ አያሳልፍም። ትናንት በየትኛዋ ሐርፍ እንደተደናቀፈ ስለሚያውቅ ዛሬ ሲያስተካክላት ወዲያው ይሰማዋል። ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ አስቸጋሪ ነው። «ገባችሁ?» ስንል «አዎ!» የሚለው የጋራ ጩኸት ምንም አይነግረንም፤ ያልገባው ልጅ ድምፁን አስተባብሮ ይጮኻል። ይልቅ አንዱ ተማሪ ለጎኑ ልጅ እንዲያስረዳ አድርጎ በዴስኮቹ መካከል እየዞሩ ማዳመጥ ይሻላል። በቀን አምስት ልጅ ቢደመጥ ስልሳው በአሥራ ሁለት የትምህርት ቀን ይዳረሳል።

ይህን ስል መምህር በደስታ ብቻ ይኑር ማለቴ አይደለም። የቤት ኪራይ በተማሪ ፈገግታ አይከፈልም፤ «መምህርነት ፍቅር ነው» እያሉ የደመወዝ ጥያቄን የሚያድበሰብሱ ሰዎች ንግግርም አይዋጥልኝም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ትልቁ ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። አኒ ራድክሊፍ ኮሌጅ ድረስ አብራት ገብታ፣ ሌክቸሩን መዳፏ ላይ እየጻፈችላት፣ ሄለን በ1904 በማዕረግ ስትመረቅ አይታለች። ከመምህራን ይህ የሚገጥመው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ተማሪው የት እንደደረሰ እንኳን ሳይሰማ ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከየተማሪው አንድ አንድ ገጽ ጽሑፍ ወይም ስሌት ሰብስቡ። ሳታርሙ፣ ማርክ ሳትሰጡ፣ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት። ልምምዳችሁ ሊያልቅ ሲል ያንኑ ጥያቄ ድጋሚ ስጧቸውና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።