ለጥናት «እሺ» ከማለታችሁ በፊት

ይህ እዚህ ካኩማ በሬዲዮ ያቀረብነው የጤና ትምህርት ነው። ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ የሰማችሁም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እንድታነቡለት በወረቀት አትመነዋል። የዛሬው ርዕሳችን በጦርነት ውስጥ ያለፉ ሰዎች በሕክምና ጥናት እንዲሳተፉ ሲጠየቁ ማወቅ የሚገባቸውን ይመለከታል። በተለይ የምናገረው ለቀድሞ ወታደሮች፣ ለአባቶቻችን፣ ለታላላቅ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እንዲሁም አብረዋቸው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው።

ጦርነት ምን እንደሆነ ለእናንተ ላስረዳ አልነሳም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በነርስነት የተማርኩትን ግን ላካፍላችሁ። ከየትኛው ወገን እንደተሰለፋችሁም አልጠይቅም። ፈንጂ ወገን አይለይም።

የማይታዩ ሁለት ቁስሎች

የመጀመሪያው የአንጎል ጉዳት ነው። ጥይት ወይም ፍንጣሪ ራስን ሲመታ፣ ሰው ከመኪና ሲወድቅ ወይም ቦምብ አጠገቡ ሲፈነዳ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በውጭ ምንም ቁስል ላይታይ ይችላል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጆሮ ጩኸት፣ መርሳት፣ ብርሃንና ጫጫታ አለመቻል፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ናቸው።

ሁለተኛው የአእምሮ ጉዳት ነው። ሰውየው በቅዠት ይባንናል፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣል፣ ያለፈውን የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፣ ከሰው ይርቃል፣ ተስፋ ይቆርጣል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣትና ነገር መርሳት በሁለቱም ይታያሉ። አንድ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪምም ቢሆን ለመለየት ይቸገራል። ቤተሰብ ደግሞ «ጠባዩ ተበላሸ» ወይም «መንፈስ ያዘው» ይላል። ተመራማሪዎች የቀድሞ ወታደሮችን የሚፈልጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥናት ምን ጠቅሟል?

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቬትናም ጦርነት ጭንቅላታቸውን ተመትተው አንጎላቸው የቆሰለ 421 የአሜሪካ ወታደሮች ለረጅም ጊዜ ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በ1985 በወጣው ውጤት መሠረት በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚጥል በሽታ ይዟቸዋል። አንዳንዶቹን የጀመራቸው ከቆሰሉ ከ5 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ የዱሮ ቁስል ያለበት ሰው ዛሬ መውደቅ ቢጀምር እርግማን ነው ብላችሁ አትደብቁት። መድኃኒት አለውና ወደ ክሊኒክ አምጡት። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ።

ሌላም ምሳሌ አለ። ጭንቅላታቸው ለተጎዳ ሰዎች ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ለብዙ ዓመታት ይሰጥ ነበር። በመጨረሻ 10,008 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ጥናት ተደረገ። ውጤቱ በ2004 ሲታወቅ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስቴሮይዱን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 21 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 18 ያህሉ ሞተው ተገኙ። ይጠቅማል የተባለው መድኃኒት ይጎዳ ነበር ማለት ነው። ያለ ጥናት ይህ ሊታወቅ አይችልም ነበር።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ፣ በኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች ሠፈር 277 የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞች የተሳተፉበት ጥናት በ2008 ታትሟል። ምክሩን የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከስደተኛው መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ውጤቱም ጥሩ ነበር። በሰሜን ኡጋንዳም በልጅነታቸው በግድ ተዋጊ የሆኑ 85 ወጣቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2011 ወጥቷል። የደረሰባቸውን ከሠለጠነ ሰው ጋር ሆነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል የተናገሩት ከሌሎቹ የበለጠ ተሽሏቸዋል።

ታዲያ ለምን እንጠንቀቅ?

በጥናት ስም ትልቅ በደል የተፈጸመበት ጊዜም ስላለ ነው። በአሜሪካ ተስኪጊ በተባለ ቦታ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ወደ 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶች ተጠንተዋል። ከእነሱ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው፤ ግን በሽታቸው አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም እንዳያገኙ ተደረገ። ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ነፃ ሕክምናና ምግብ እናገኛለን ብለው ነበር የገቡት።

የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ ያደረጉት ሙከራ በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ከታየ በኋላ በ1947 አንድ ደንብ ወጣ። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ሰው በገዛ ፈቃዱ ካልሆነ ለምርምር አይውልም ይላል። በ1964 ደግሞ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ከተማ ሌላ መመሪያ አወጣ። ዛሬ በእናንተ እጅ ያለው መብት ከዚህ የመጣ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

1. ፈቃድ አላችሁ ወይ? ሰዎችን የሚመለከት ጥናት በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየት አለበት። በኬንያ በተጨማሪ ናኮስቲ ከሚባለው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ፈጠራ ብሔራዊ ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል። ወረቀቱን አሳዩን ማለት ነውር አይደለም።

2. ይህ ሕክምና ነው ወይስ ጥናት? ሕክምና እናንተን ለማዳን ነው። ጥናት ግን እውቀት ለማግኘት ነው፤ ለእናንተ ምንም ላይጠቅም ይችላል። በዕጣ የሚከፋፈል ከሆነ አዲሱን ሕክምና ላታገኙ እንደምትችሉ አስቀድማችሁ እወቁ።

3. ምን ታደርጉኛላችሁ? ጥያቄ ብቻ ነው፣ ደም ነው፣ ወይስ የአንጎል ምስል? ኤምአርአይ የሚባለው መሣሪያ ትልቅ ማግኔት ነው። በሰውነታችሁ ውስጥ፣ በተለይ በዓይን ወይም በራስ አካባቢ፣ ፍንጣሪ የቀረ ከሆነ ወይም ጥርጣሬ ካላችሁ ሳትገቡ ተናገሩ። ብረቱ ሊንቀሳቀስና ሊጎዳችሁ ይችላል።

4. የተናገርኩትን ማን ያየዋል? ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ወታደር እንደነበራችሁ መናገር ኬሳችሁን የሚነካ እየመሰላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ስማችሁ ይጻፋል ወይስ ቁጥር ብቻ? ድምፅ ይቀዳል? የት ይቀመጣል? ለየትኛው ቢሮ ይሰጣል? መልሱ ካላረካችሁ አትፈርሙ። ብትፈርሙም የክፍለ ጦር ስም፣ የአዛዥ ስም፣ የጓደኛ ስም መጥራት አትገደዱም።

5. መሐል ላይ ማቆም እችላለሁ? መልሱ «አዎ፣ ምክንያት ሳትናገር» መሆን አለበት።

6. ካለቀ በኋላስ? መድኃኒት የጀመረ ሰው ጥናቱ ሲያልቅ ከየት ያገኛል? ውጤቱንስ ተመልሳችሁ ትነግሩናላችሁ?

ሬሽንና ሪሴትልመንት

ይህን ደግማችሁ አንብቡት። በጥናት መሳተፍ ሬሽን አይጨምርም፣ አለመሳተፍም አያስቀንስም። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄደውን ኬስ አያፋጥንም፣ አያዘገይም። በክሊኒክ የምታገኙትን ሕክምናም አይነካም። የመጓጓዣ ወይም የቀን ኪሣራ መተኪያ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን «ፈርም፣ ስምህ ቶሎ ይወጣል» የሚል ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ እያታለላችሁ ነውና ለዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ክፍል አመልክቱ።

ይሉኝታና ቤተሰብ

እኛ እንግዳ ቤታችን መጥቶ ሲለምነን እምቢ ማለት ይከብደናል። ይሉኝታ ግን ፈቃድ አይደለም። «አስቤበት ልመለስ» በሉ፤ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ከምታምኑት ሰው ጋር ተመካከሩበት። ማብራሪያው በሚገባችሁ ቋንቋ፣ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ይሁንላችሁ። አስተርጓሚውን ካላመናችሁት ሌላ ይቀየርልን በሉ። የብሎክ መሪ ስለ እናንተ «እሺ» ሊል አይችልም።

ለሚስቶች፣ ለባሎችና ለልጆችም የምለው አለኝ። አባታችሁ ነገር ይረሳል ማለት መወሰን አይችልም ማለት አይደለም። ቀስ ተብሎ፣ ባጭር ባጭሩ፣ ጠዋት አእምሮው ሳይደክም ይነገረው። ከዚያ ምን እንደገባው ራሱ መልሶ ይናገር። እሱ «ይቅርብኝ» ካለ አታስገድዱት። ጨርሶ መረዳት የማይችል ከሆነ ግን የቤተሰብ ፊርማ ብቻ አይበቃም፤ ኮሚቴው እንዲህ ላለ ሰው የተለየ ፈቃድና ጥበቃ ማዘዙን ጠይቁ።

ከጥያቄው በኋላ

ያለፈውን ማንሳት ለጥቂት ቀናት ቅዠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት «ከባሰብኝ ማን ይረዳኛል?» በሉ። ቤት ያላችሁም አስተውሉ። ሰውየው መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ብቻውን አትተዉት፤ ገመድ፣ ስለትና መርዝ ከአጠገቡ አርቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

መሳተፍ ለምትፈልጉ፣ የእናንተ ታሪክ ነገ ለሌላ ቁስለኛ መድኃኒት ሊሆን ይችላልና እግዚአብሔር ይስጥልን። ለማትፈልጉም ማንም ቅር ሊላችሁ አይገባም፤ ሕክምናችሁ እንደ ድሮው ይቀጥላል። የጥናት ወረቀት ደርሷችሁ ያልገባችሁ ነገር ካለ ወደ ክሊኒክ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።



አዘጋጅ፦ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ፣ ዲፕሎማ ነርስ