ሰሙ ሳይቀልጥ፤ ስለ ትንንሽ የብረታ ብረት ምስሎች አሠራር

ቅኔ የቀመሰ ሁሉ «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ከአንጥረኛ ቤት የመጣ መሆኑን ያውቃል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራና በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይፈስበታል። ሰሙ ጠፋ፤ ጭቃውም ተሰበረ፤ የተገኘው አንድ ጌጥ ብቻ ነው። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ማሽን ሲጽፍ የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን አይሳቁብኝና፥ ዛሬ ላስረዳ የፈለግሁት የመጀመሪያውን ቅርጽ ሳያጠፉ ብዙ መቶ ምስል ስለ ማውጣት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሆኑ፥ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ወታደሮች ይሠራሉ። የሚቀዱት ከቆርቆሮ ቅይጥ ነው። ንጹሕ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የጎማ ቅርጽ ማውጫ ሙቀቱን ይችለዋል፤ ክቡን ጎማ እያሽከረከሩ ብረቱን በመሐሉ ያፈሱበታል። ለጎማው መነሻ የሚሆነውን የመጀመሪያ ምስል አብነት እንበለው። ይህን አብነት ቀድሞ ቀራጺ በእጁ ይሠራው ነበር፤ አሁን ብዙዎች በኮምፒውተር ነድፈው በሬዚን ያትሙታል።

የማተሙን ዘዴ ቻርልስ ሀል የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ለፓተንት አመልክቶ በ1986 ተሰጠው። ፈሳሹ ሬዚን ብርሃን ሲያርፍበት ይጠነክራል፤ ማሽኑም እንደ እንጀራ ቍልል ስስ ንብርብር በንብርብር ላይ ይደርባል። አንዱ ንብርብር 0.05 ሚሊሜትር ቢሆን ወታደራችን 560 ንብርብር አለው ማለት ነው።

«ማሽኑ ጨርሶ ሰጠን» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ንብርብሮቹ መስመር ይተዋሉ፤ ጎማው ደግሞ የጣት አሻራ እንኳ ሳይቀር ይቀዳል። በአብነቱ ጉንጭ ላይ የቀረች አንዲት መስመር በወታደሩ ሁሉ ጉንጭ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል።

ከዚህ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። ብዙ ጊዜ አብነቱን ድኝ በተቀላቀለበት ጥሬ ጎማ መካከል አስገብተው፥ በፕሬስ እየተጫኑ በ150 ዲግሪ አካባቢ ያበስሉታል። ተራ ሬዚን ይህን አይችልም፤ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ስለዚህ አንድ እርምጃ ይጨመራል፤ ይኸውም በሬዚኑ ላይ ያለ እሳት የሚረጋ፥ ኋላ ግን ሙቀት የሚችል ሲሊኮን አፍስሰው፥ በእርሱ ጥቂት የብረት ምስሎች ይቀዳሉ። ወደ ፕሬሱ የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ሬዚኑ በደንብ ካልታጠበና በብርሃን ካልጠነከረ፥ በፕላቲነም የሚረጋው ሲሊኮን በምስሉ ዙሪያ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይቀራል፤ ድካሙም ከንቱ ነው።

ብረት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኰማተራል። ምስሉ ሁለት ጊዜ ስለሚቀዳ ሁለት ጊዜ ያንሳል። የእጅ ቀራጺ ይህን በግምት ያካክስ ነበር፤ በኮምፒውተር ግን ሳይታተም በፊት መላውን ምስል በልክ ማሳደግ ይቻላል። በእኔ አስተያየት የማሽኑ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ጦርን ለመሰለ ቀጭን ነገር ግን ሁሉን እኩል ማሳደግ አይበቃም፤ የቀለጠው ብረት ጫፉ ሳይደርስ እንዳይረጋ ጦሩን ለብቻው ማወፈር ያስፈልጋል። የእነዚህ ወታደሮች ጦር ከሰውነታቸው ጋር ሲተያይ የቤት ምሰሶ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።