የቀረው ሥራ ምን ያህል ነው? የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚከታተሉበት ዘዴ

በየሩብ ዓመቱ በምናዘጋጃቸው ሪፖርቶች ላይ ሁለት ዓምዶች አይታጡም፤ አንደኛው የፊዚካል አፈጻጸም፣ ሁለተኛው የፋይናንስ አፈጻጸም የሚሉት ናቸው። ሁለቱም ወደ ኋላ ይመለከታሉ፤ የተሠራውንና የወጣውን ይናገራሉ እንጂ የቀረውን አይናገሩም። ሪፖርቱ ተነብቦ ሲያበቃ ግን ከኮሚቴው መካከል አንድ አባት ቀና ብለው የሚያነሡት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ታዲያ መቼ ያልቃል?» ይህን ጥያቄ በየዕለቱ እየጠየቁና በቁጥር እየመለሱ መሥራትን ልማድ ካደረጉት ሙያዎች አንዱ የኮምፒውተር ሶፍትዌር ሥራ ነው። አንድ አጥቢያ የምእመናን መዝገቡን ወይም የሒሳብ ሰነዱን በኮምፒውተር ለማደራጀት ከባለሙያ ጋር ሊዋዋል ሲነሣ፣ ኮሚቴው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቅ ዘንድ ዘዴውን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ሕንፃ ሲሠራ መንገደኛው ሁሉ ምስክር ነው፤ መሠረቱ ወጥቷል፣ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ቀርቷል ይላል። ሶፍትዌር ግን ለዓይን አይታይም። ሠሪው «ዘጠና በመቶ ደርሻለሁ» ቢል አሠሪው የሚያስተባብልበት ነገር የለውም፤ የሚከፋው ደግሞ ሠሪው ራሱ ብዙ ጊዜ ይህን የሚናገረው ከልቡ አምኖበት መሆኑ ነው። በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ቶም ካርጊል ተናገረው የሚባል የሙያው ቀልድ አለ፤ የመጀመሪያው ዘጠና በመቶ ሥራ የጊዜውን ዘጠና በመቶ ይወስዳል፣ የቀረው ዐሥር በመቶ ደግሞ ሌላ ዘጠና በመቶ ይወስዳል ይላል። ድምሩ መቶ ሰማንያ መሆኑ ቀልዱም እውነቱም ነው።

ይህ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ኤፍ ቢ አይ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ታሪክ ያስረዳል። ቢሮው የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል የተባለ ሥራ አስጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ ተተወ። በ2006 ሴንቲኔል የተባለው ምትክ ሥራ ለሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ በውል ተሰጠ። ሥራው በአራት ምዕራፍ ተከፍሎ በ2009 መጨረሻ እንዲጠናቀቅ ታቅዶ ነበር። በ2010 ክረምት የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ ሲመረምር ግን ከተመደበው 451 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ወደ 405 ሚሊዮን የሚጠጋው ወጥቶ፣ ለመርማሪዎቹ የደረሳቸው ከአራቱ ምዕራፎች የሁለቱ ሥራ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የፋይናንስ አፈጻጸሙ ዘጠና በመቶ ነበር ማለት ነው።

ቢሮው ከዚያ በኋላ ሥራውን በራሱ እጅ አስገብቶ፣ አጃይል በሚባለው አሠራር በየሁለት ሳምንቱ እየከፋፈለ መሥራት ጀመረ። ይህም ቢሆን ካሰበው ቀን ዘግይቶ በሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. ለሠራተኞቹ በሙሉ አገልግሎት ላይ ዋለ። አዲሱ አሠራር መዘግየትን እንዳላስቀረ ልብ ይሏል። ይሁን እንጂ በየሁለት ሳምንቱ በትክክል ካለቀው ሥራ ተነሥቶ ቀሪው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ማስላት ተቻለ፤ መዘግየቱም አስቀድሞ የሚታይ ሆነ።

አጃይል የሚለው ስያሜ የመጣው በየካቲት 2001 እ.ኤ.አ. ዐሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ስኖውበርድ በተባለ ቦታ ተሰብስበው ካወጡት የጋራ መግለጫ ነው። ከመግለጫው ጋር ከተያያዙት መርሖች አንዱ፣ የሥራ እድገት ዋና መለኪያ በእርግጥ የሚሠራ ሶፍትዌር መሆኑን ያስቀምጣል። በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ እጅግ የተስፋፋው ስክረም የተባለው አሠራር ሲሆን፣ ጄፍ ሰዘርላንድ እና ኬን ሽዋበር እ.ኤ.አ. በ1995 በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ አቅርበውታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሥራው ሁሉ በጥቃቅኑ ተዘርዝሮ በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ባለሙያዎቹ ባክሎግ ይሉታል። የምእመናን መዝገብ ሶፍትዌርን በምሳሌነት ብንወስድ፣ አዲስ ምእመን መመዝገብ አንድ ሥራ ነው፤ በክርስትና ስም መፈለግ ሌላ ነው፤ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ማተም፣ የሰበካ ጉባኤ አስተዋጽኦ መክፈልና አለመከፈሉን ማሳየት፣ ዐሥራ ሦስቱን ወር በሚያውቅ የቀን አቆጣጠር ማስላት፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ይጻፋሉ። ከዚያም ለእያንዳንዱ የክብደት ነጥብ ይሰጠዋል። ለምን በቀን አይለካም ቢሉ፣ ሰው የአንድን ሥራ ርዝመት በቀን ሲገምት አብዝቶ ይሳሳታል፤ ይህኛው ከዚያኛው እጥፍ ይከብዳል ብሎ ማነጻጸሩ ግን ይቀለዋል። ስፕሪንት ለሚባለው የሁለት ሳምንት ዙር ከመዝገቡ ላይ የሚችሉትን ያህል ቆርጠው ይወስዳሉ።

የዙሩ ሥራ 40 ነጥብ ነው እንበል፤ የሥራ ቀኖቹም ዐሥር ናቸው። በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ወረቀት ከላይ ከ40 ተነሥቶ በዐሥረኛው ቀን ዜሮ ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ይህ በየቀኑ 4 ነጥብ ቢያልቅ የሚኖረው ቁልቁለት ነው። ከጎኑ በየዕለቱ ማምሻ በእውነት የቀረው ነጥብ ምልክት ይደረግበታል። ሠንጠረዡ በርንዳውን ቻርት ይባላል፤ እኛ የቀሪ ሥራ ገበታ ብንለው ያስኬዳል። በመጀመሪያው ቀን 38፣ በሁለተኛው 33፣ በሦስተኛው 30 ቀረ። በአራተኛው ቀን ሠራተኞቹ አንድ ነገር ደረሱበት፤ «ኃይለ ሚካኤል» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይለሚካኤል» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሥራ ሊጨመር ግድ ሆነ፤ 6 ነጥብ ተሰጠው። በዚያ ቀን 2 ነጥብ አልቆ 6 ተጨመረ፤ ገበታው ላይ የሰፈረው 34 ነው። በዕቅዱ መሠረት ግን በዚያ ምሽት 24 ሊቀር ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የገበታው ጥቅም የሚታየው። በተለመደው ሪፖርት ቢሆን፣ «12 ነጥብ ከሠራን ስድስቱ ቀን ለቀረው 28 ይበቃናል» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ገበታው ግን የተሠራውን አይቆጥርም፤ ዛሬ ከምናውቀው ሁሉ ተነሥቶ የቀረውን እንደ አዲስ ይገምታል። ስለዚህ መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ ሠራተኞቹ ሰንፈዋል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ ያልታወቀ ሥራ ታወቀ ማለትም ይሆናል። ለቀናት ሳይወርድ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቆየ ብዙ ሥራ ተጀምሮ አንዱም አላለቀም፤ ወይም አንድ እንቅፋት ሁሉንም ይዟቸዋል። እስከ ዘጠነኛው ቀን ጠፍጣፋ ሆኖ በዐሥረኛው እንደ ገደል ቢወድቅስ? ይህኛው ያጠራጥረኛል። ወይ ሥራው በበቂ ሁኔታ አልተከፋፈለም፣ ወይ ያላለቀው አልቋል ተብሏል።

«አልቋል» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባዋል። ለአንዱ አልቋል ማለት ኮዱ ተጽፏል ነው፤ ለሌላው ተፈትኗል ነው፤ ለደብሩ ጸሐፊ ግን ዛሬ ቁጭ ብዬ የምስክር ወረቀቱን አትሜ ለባለጉዳዩ ልሰጥ እችላለሁ ነው። በስክረም አሠራር ቡድኑ ይህን ትርጉም በጋራ ይወስናል፤ መስፈርቱን ያላሟላ ሥራ በከፊል ነጥብ አይቆጠርለትም። ግማሽ ያለቀ ሥራ እንዳላለቀ ይቆጠራል። ጥብቅ ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከዘዴው ሁሉ ይህ አንዱ ብቻ ቢወሰድ እንኳ ብዙ ያተርፋል።

ለጠቅላላው ሥራም እንዲሁ ይሰላል። በመዝገቡ ላይ 240 ነጥብ ቀርቶ፣ ቡድኑ ባለፉት ዙሮች በአማካይ 30 ነጥብ ከጨረሰ፣ ስምንት ዙር ማለትም ዐሥራ ስድስት ሳምንት ቀርቷል። ጠንቃቃ ሰው ግን አንድ ቀን ቆርጦ አይናገርም፤ በደካማው ዙር 24፣ በጠንካራው 40 ነጥብ አልቆ ከነበረ ከዐሥራ ሁለት እስከ ሃያ ሳምንት ይወስዳል ብሎ ይመልሳል። ኮሚቴዎች ይህን መልስ ብዙም አይወዱትም፤ ሆኖም ከተቆረጠው ቀን ይልቅ የሚታመነው እርሱ ነው።

ገበታው የሚደብቀው ነገርም አለ። ቡድኑ 30 ነጥብ ሲጨርስ አሠሪው 20 ነጥብ ቢጨምር መስመሩ የሚወርደው በ10 ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ቡድኑ ደክሟል ይላል። ስለዚህ አንዳንዶች በርንአፕ የተባለውን ሌላ ገበታ ይመርጣሉ። በእርሱ ላይ ሁለት መስመሮች ይሄዳሉ፤ አንዱ ያለቀው ሥራ፣ ሌላው የሥራው ጠቅላላ ልክ ነው። «ይህችንም ጨምሩልን» እየተባለ የላይኛው መስመር ወደ ላይ ሲሸሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያለ ክርክር ይታያል። የስክረም መመሪያ ከ2011 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ የትኛውንም ገበታ ግዴታ አላደረገም፤ በዚያ እትም ግዴታ የተደረገው የቀረው ሥራ ድምር መታወቁ ነበር።

ነጥቡ የሠራተኛ መመዘኛ ሲሆን ደግሞ ዘዴው ይበላሻል። ብዙ ነጥብ የጨረሰ ቡድን የሚመሰገን ከሆነ፣ ትናንት 3 የነበረው ሥራ ነገ 5 ይባላል፤ ቁጥሩ ያድጋል፣ ሥራው ባለበት ይቆያል። የሁለት ቡድኖችን ነጥብ ማወዳደርም ትርጉም የለውም፤ እያንዳንዱ በራሱ ሚዛን ይመዝናልና።

ገበታው ሥራው እንደሚዘገይ ሲያሳይ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ አሳብ ሰው መጨመር ነው። በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ታላቁን የኦ ኤስ 360 ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድቷል፤ ነባሮቹ አዲሶቹን ለማስተማር ሥራቸውን ያቆማሉ፣ መነጋገሪያውም ይበዛል። እንግዲህ ለአሠሪው ኮሚቴ የሚቀሩት ሁለት ምርጫዎች ናቸው፤ ቀኑን ማራዘም ወይም ከመዝገቡ ግርጌ ያሉትን ሥራዎች ለኋላ ማቆየት። ሁለተኛውን ለመምረጥ መዝገቡ ከመጀመሪያው እንደ አስፈላጊነቱ ተደርድሮ መገኘት አለበት፤ መደርደሩም የባለሙያው ሳይሆን የኮሚቴው ሥራ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መጨረሻ በሚደረገው ስብሰባም ባለሙያው ያለቀውን ክፍል በኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ያሳያል፤ የደብሩ ጸሐፊ በራሳቸው እጅ ይሞክሩታል፤ ከዚያ በኋላ ኮሚቴው የቀረው ስንት ነጥብ እንደሆነና ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ምን እንደተጨመረ ጠይቆ በቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዘግባል።