የመሬት ትል በአበባ ማሰሮ ውስጥ

የአበባ ማሰሮ ተገልብጦ ከሥሩ መሐል ቀይ ቡናማ ትል ሲጥመለመል ከታየ፣ ተክሉን ያጠወለገው እሱ ነው ተብሎ ወዲያው ይፈረድበታል። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። የመሬት ትል ጥርስ የለውም፤ ሕያው ሥር ሊቆርጥ አይችልም። ምግቡ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሞተ ሥርና በእነሱ ላይ የሚራቡት ሻጋታና ባክቴሪያ ናቸው። የዋጠውን በሆዱ ውስጥ ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ሲያወጣው፣ ኩሱ ተክል በቀላሉ የሚወስደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይኖረዋል። ሥር የሚበሉት ሌሎች ናቸው፦ እግር ኖሯቸው በግማሽ ክብ የሚታጠፉ ነጫጭ የጥንዚዛ እጮች፣ ራሳቸው ጥቁር የሆነ ደቃቅ የትንኝ እጮችም እንዲሁ። እግር የሌለውና ሰውነቱ ከራስ እስከ ጅራት በቀለበት መስመሮች የተከፋፈለው የመሬት ትል ከወንጀሉ ነጻ ነው።

ታዲያ ማሳ ላይ ይህን ያህል የሚጠቅም ፍጥረት ማሰሮ ውስጥ ቢጨመርስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ቻርለስ ዳርዊን በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ ለም አፈር በትሎች ሥራ እንዴት እንደሚገነባ አሳይቷል። በ2014 የወጣ፣ የብዙ ሙከራዎችን ውጤት ያጠቃለለ ጥናትም ትል ባለበት አፈር የሰብል ምርት በአማካይ 25 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። ይሁንና ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ተረፈ ምርት ወደ አፈሩ በሚመለስበት ቦታ ነው፤ የናይትሮጅን ማዳበሪያ በበዛበት ግን ጠፍቷል። ትል ያለውን ይፈታል እንጂ የሌለውን ንጥረ ነገር አይፈጥርም። ቅጠል የማይረግፍበት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ምግቡ ቶሎ ያልቅበታል፤ ወይ ይራባል፣ ወይ በውኃ መውጫው ቀዳዳ ይሄዳል። ሙቀቱም አለ። ትል የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ማሳ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በረንዳ ላይ በተቀመጠ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ግን መሸሻ የለውም። ትሉ የሚቆፍረው ጉድጓድ ለሥር አየር ያስገባል የሚሉ አሉ፤ ለሰፊ መሬት እውነት ነው። በጠባብ ማሰሮ ግን ውኃው በዚያው ቦይ ሾልኮ ሥሩን ሳያረጥብ ሊወርድ ይችላል፤ ደቃቁ ኩስም ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል። ዘወትር በቅጠል የሚሸፈን ትልቅ በርሜል ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ትል ይኖራል፣ ይሠራልም።

ስለዚህ ወደ ማሰሮው መግባት ያለበት የትሉ ሥራ ነው። በአገራችን ቨርሚኮምፖስት የሚባለውን የትል ኩስ የሚያዘጋጁት ቀይ ትሎች ጥልቅ የማይቆፍሩ፣ ከብስባሽ ስር የሚኖሩ ዓይነት ስለሆኑ፣ በጥላ ባለ ሳጥን ውስጥ በአትክልት ልጣጭና በቡና አተላ ይረባሉ። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙከራዎች የተሻለ እድገት የታየው ኩሱ ከማሰሮው አፈር ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ብዙም ትርፍ አልነበረውም። ይህም አንድ ጣሳ ኩስ ለአራት እስከ ዘጠኝ ጣሳ አፈር ማለት ነው። ማሰሮዎ ውስጥ ትል ካገኙ መድኃኒት አይርጩበት፤ ግቢ ውስጥ ከረገፈ ቅጠል ስር ይልቀቁት። ከዚያ የተክሉን መጠውለግ ምክንያት ከውኃው ብዛትና ከተደፈነው ቀዳዳ ይፈልጉ።