ተረትና እውነታ፦ የናዚ ማኅበር ሰው ያጠመደበት መንገድ

ስለ ናዚዎች ነገር ሲነሣ፥ አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ከሰገነት ላይ ቆሞ ጮኸ፥ ሕዝበ ጀርመንም በድምፁ ፈዝዞ ተከተለው የሚለው አተራረክ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ታሪክ ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚወደድበትም ምክንያት አይሰወርም፥ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው አንደበት ላይ ጭኖ የቀረውን ነጻ ያወጣልና። ሂትለር ራሱ ግን ወደ ማኅበሩ የገባው በማንም ንግግር ፈዝዞ አልነበረም። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1919 ሴፕቴምበር 12 ቀን፥ ስለ ጥቃቅን የፖለቲካ ማኅበራት ወሬ እንዲያመጣ የጦር ሠራዊቱ ወደ አንድ የሚዩኒክ ቢራ ቤት በላከው ጊዜ፥ እዚያ የተናገረውን አንድ ሰው አጥብቆ ቢከራከረው፥ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ አንቶን ድሬክስለር ትንሽ መጽሐፍ በእጁ አስጨበጠው፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ በአባልነት መቀበሉን የሚያስታውቅ ፖስታ ካርድ ደረሰው። የአባልነቱ ቁጥር 555 ነበር። ማኅበሩ ብዙ ሰው ያለው እንዲመስል መቁጠር የጀመረው ከ501 ነበርና፥ ቁጥሩ ራሱ ማጥመጃ ነበር ማለት ይቻላል።

ደግሞስ አንድ ተናጋሪ በየመንደሩ እንዴት ይደርሳል? ይህን ያወቁት ናዚዎች፥ ፍሪትስ ራይንሃርት በሚባለው ሰው መሪነት፥ ንግግር አድራጊዎችን በፖስታ በሚላክ ትምህርት ያሠለጥኑ ጀመር፤ የየአካባቢው ቅርንጫፍም ከተሰብሳቢው የመግቢያ ገንዘብ ይቀበል ስለ ነበር፥ አዳራሹን የሚሞላው የትኛው ስብከት እንደ ሆነ ከሣጥኑ ይማር ነበር። ለገበሬው ስለ ዕዳውና ስለ እህሉ ዋጋ፥ ለባለ ሱቁ ስለ ታላላቆቹ መደብሮች፥ ለመንፈሳዊው ሰው ስለ ኮሚኒስቶች ክሕደት ተነገረው፤ እያንዳንዱም የራሱን ብሶት ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሥራ ፈትና መሃይም ብቻ ተከተላቸው የሚለውም ተረት ነው። በ1932 መጀመሪያ በጀርመን ሥራ ያጣው ሰው ወደ ስድስት ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ ብዙዎቹ ያዘነበሉት ወደ ኮሚኒስቶች ሲሆን፥ የናዚ ድምፅ የበረታው በፕሮቴስታንት ገጠርና በትናንሽ ከተሞች፥ ያለውን እንዳያጣ በሚፈራው ሰው ዘንድ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንኳ የአገር አቀፍ ማኅበራቸውን አመራር ለናዚዎች ያስረከቡት በ1931 ነው፤ ሂትለር መራሔ መንግሥት ሊሆን ገና ከአንድ ዓመት በላይ ሲቀረው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ መመርመር የሚገባው ግን፥ ሰው አስቀድሞ በትምህርታቸው አምኖ ከዚያ በኋላ ይገባል የሚለው አሳብ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ዊልያም ሸሪዳን አለን ኖርትሃይም የምትባለውን አነስተኛ ከተማ መርምሮ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ከከተማይቱ ቀደምት ናዚዎች አንዱ በሁሉ ዘንድ የተወደደና የተከበረ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከገባበት ማኅበሩም ክፉ ሊሆን አይችልም ብለው ብዙዎች ተከተሉት። በ1928 በመላው ጀርመን ከመቶ 2.6 ድምፅ ብቻ ያገኘው ማኅበር በ1932 ጁላይ 37.3 ሲያገኝ፥ በኖርትሃይም ከ60 በላይ አገኘ። የኖርትሃይም ሰዎች አይሁድን ስለ ጠሉ ናዚ ሆኑ ከማለት ይልቅ፥ ወደ ናዚዎች ስለ ተሳቡ ጥላቻውን ለመዱት ማለት ለእውነቱ እንደሚቀርብ አለን ያስረዳል። ይህ ግን በደላቸውን የሚያቀልል አይመስለኝም፤ የጥላቻውን ቃል ሰምተው ሳለ፥ እንደ ቀላል ነገር አልፈውት ገብተዋልና።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቴዎዶር ኤበልም በ1934 ከ1933 በፊት የገቡ አባላት የሕይወት ታሪካቸውን እንዲጽፉለት ሽልማት አቅርቦ፥ ከ600 በላይ ጽሑፍ ደረሰው። ጸሐፊዎቹ በድል አድራጊው መንግሥት ፊት የጻፉ ስለ ሆኑ ቃላቸውን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ነገር ግን ደጋግመው የሚያነሡት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ያዩትን ወንድማማችነትና በማኅበሩ ውስጥ መልሰው ያገኙትን የአንድነት ስሜት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ተጠማጁ ሁልጊዜ ወዳጅ የሌለው ብቸኛ ነው የሚልም አይጠፋም። በ2017 ግን ሦስት ሊቃውንት ከ200 በላይ የጀርመን ከተሞችን መርምረው ባሳተሙት ጥናት፥ የመዘምራን፥ የስፖርትና የእንስሳት አርቢዎች ማኅበራት በበዙበት ከተማ ሰው ወደ ናዚዎች የገባው ይበልጥ ፈጥኖ መሆኑን አሳይተዋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይዞ የሚመጣበት መንገድ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበርና።

አባል ሁሉ አማኝ ነበር ለሚል ሰው ደግሞ የ1933 ዓመት ይበቃዋል። ሂትለር በጃንዋሪ 30 ቀን በፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ከተሾመ በኋላ፥ እንጀራውን ለማቆየትና ሹመት ለማግኘት ሲል ሊመዘገብ የተጋፋው ሰው፥ በተለይም የመንግሥት ሠራተኛው፥ እጅግ በመብዛቱ፥ ማኅበሩ ራሱ አድርባዮቹን ፈርቶ በሜይ 1 ቀን መዝገቡን ዘጋ።