ከአሻንጉሊቱ ይልቅ ጠመንጃው የሚያተርፍበት ገበያ

ሶማሌ ተራ የከረመ ነጋዴ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሒሳብ አለ። አንድ አሮጌ መኪና እንዳለ ቢሸጥ ከሚያወጣው ገንዘብ ይልቅ በሩ፣ መብራቱ፣ ካምቢዮውና ዲናሞው ተነጣጥለው ሲሸጡ የሚያስገኙት ይበልጣል። ይኸው ሒሳብ ከሆንግ ኮንግ እስከ አሜሪካ በተዘረጋ አንድ ለየት ያለ ገበያም ውስጥ ይሠራል። ዕቃው አሻንጉሊት ነው፤ ገዢው ግን ልጅ አይደለም።

«አክሽን ፊገር» የሚባለው ይህ ዕቃ እጅና እግሩ የሚታጠፍ፣ የወታደር ወይም የፊልም ገጸ ባሕርይ መልክ የያዘ ትንሽ ምስለ ሰው ነው። ስያሜውን ያወጣው ሀዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ምክንያቱም ንግድ ነበር። ኩባንያው በ1964 «ጂ.አይ. ጆ» የተባለውን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ለወንድ ልጅ አሻንጉሊት የሚገዛ የለም ብሎ በመስጋቱ ሌላ ስም ሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሐሳቡ አመንጪ ስታን ዌስተን ትምህርቱን የወሰደው ከባርቢ ነበር። ባርቢ አንዴ ትገዛለች፤ ልብሷ ግን ደጋግሞ ይገዛል። ዌስተን ለሐሳቡ 100,000 ዶላር ተቀብሎ ሲሰናበት፣ ኩባንያው ግን ከወታደሩ ሽያጭ ሌላ ዩኒፎርሙን፣ ድንኳኑንና ጠመንጃውን ለየብቻ እየሸጠ ትርፉን ይሰበስብ ጀመር። መላጫውን አንዴ፣ ምላጩን ዘወትር መሸጥ ማለት ነው።

ዛሬ ምላጩን የሚሸጠው ፋብሪካው ብቻ አይደለም። ሰብሳቢው አሻንጉሊቱን ከትልቁ ኩባንያ ይገዛና ጠመንጃውን፣ ቀበቶውን፣ ካባውን ከትናንሽ አምራቾች ፈልጎ ይለውጣል። ፋብሪካው ራሱ ለምን አጥርቶ አይሠራውም? መልሱ ዋጋው ውስጥ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው አሻንጉሊት በአሜሪካ መደብር 25 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ለእያንዳንዱ ትርፍ ዕቃ የብረት ቅርጽ ማውጫ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ የቀለም ዓይነት ተጨማሪ የሥራ ደረጃ ነው። በዚያ ላይ የቀጠነ ነገር ይሰበራል፣ የሾለ ነገር ደግሞ ልጅ ይወጋል። ስለዚህ ጠመንጃው ከለስላሳ ፕላስቲክ በአንድ ቀለም ይፈስሳል፤ አፈሙዙም ከሣጥኑ ሲወጣ እንደ ሙዝ ጎብጦ ይገኛል።

አዲስ ገዢ በመጀመሪያ የሚከስረው በመጠን ነው። የገበያው ዋና ዋና መጠኖች አንድ ስድስተኛ፣ አንድ አሥራ ሁለተኛና አንድ አሥራ ስምንተኛ ናቸው። 88 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ክላሽንኮቭ በመጀመሪያው መጠን 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በሁለተኛው 7 ከግማሽ ያልሞላ፣ በሦስተኛው 5 የማይሞላ ይሆናል። አሳሳች የሆነው ጨርቅና ቆዳ ነው። ጠመንጃ ሲያንስ ጨርቅ አብሮ አያንስም። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቆዳ ቀበቶ በአንድ አሥራ ሁለተኛ ሲሠራ ሩብ ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባዋል፤ ለሰው ሸሚዝ የተሸመነ ጨርቅም በዚህ አሻንጉሊት ላይ ሲለበስ ጆንያ ይመስላል። በሚገባ የሳሳ ቆዳና ጠበቅ ያለ ስስ ጨርቅ ማግኘት የሚችል ሰፊ ደንበኛ የማያጣው ለዚህ ነው።

ሁሉም ማሻሻያ ገንዘብ አይጠይቅም። የጎበጠውን አፈሙዝ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቅናትና ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተት ይበቃል። ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከላይ ሲጠረግ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጥላ ይሆናል፤ ጠርዙ ላይ በደረቅ ብሩሽ የብር ቀለም ጫር ሲደረግ ፕላስቲኩ ብረት ይመስላል። ከእጁ የሚወድቀውን ሰይፍ በመዳፉ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ማግኔት ትይዘዋለች። መጠንቀቅ የሚያሻው ከሚረጭ ቀለም ነው። በለስላሳው ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ከብዙዎቹ ጋር ስለማይስማማ፣ ቀለሙ ከወራትም በኋላ እጅ ላይ ይጣበቃል። በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሻላል።

ትልቁ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ግን በአንድ ስድስተኛው መጠን ነው። በ2000 በሆንግ ኮንግ የተቋቋመው ሆት ቶይስና መሰሎቹ የሚሠሯቸው አሻንጉሊቶች ብዙዎቹ ከ250 ዶላር በላይ ያወጣሉ። የሶማሌ ተራው ሒሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ሙሉውን ሣጥን ይገዛና ጭንቅላቱን፣ ጃኬቱን፣ ጫማውን፣ ጠመንጃውን፣ መለዋወጫ እጆቹን ሳይቀር ለየብቻ ያወጣል። ጃኬት ብቻ የፈለገ ሰው ሣጥን ሙሉ አይገዛምና ያለማንገራገር ይከፍላል። አደጋው መጋዘን ውስጥ ነው። ጭንቅላቱና ጥሩው ጠመንጃ ቶሎ ይሄዳሉ፤ ራቁት ገላና ቦት ጫማ ይከማቻል። ትርፉ ያለው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዕቃዎች ላይ ከሆነ፣ እነሱ ካልተሸጡ አልተተረፈም።

ለኢንቨስተሩ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የተሻሻለ አሻንጉሊት ዋጋው ይጨምራል? በአብዛኛው አይጨምርም። ሣጥኑ ተከፍቷል፣ ቀለሙ ተነክቷል፤ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር የአንድ ሰው ምርጫ ነው። ስም ያወጡ ቀቢዎች በትዕዛዝ የሚሠሩት ሲቀር፣ ለማሻሻያ የወጣው ገንዘብ ሲሸጥ አይመለስም። ለዚህም ኬነር የተባለው ኩባንያ በ1978 ካወጣቸው የ«ስታር ዋርስ» አሻንጉሊቶች አንዱ የሆነው «ጃዋ» ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያ የፕላስቲክ ካባ ለብሶ ወጣ፤ ካባው ርካሽ ስለመሰለ ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ በጨርቅ ለወጠው። ዛሬ ሰብሳቢዎች በብዙ እጥፍ የሚከፍሉት ለዚያ ርካሽ ለሚመስለው ፕላስቲክ ነው፤ ጥቂት ስለሆነ። ከዚያው ዘመን «ቦባ ፌት» የተባለው ባለ ሚሳይል ናሙና፣ ሚሳይሏ ሕፃን ልታንቅ ትችላለች ተብሎ ለገበያ ሳይቀርብ ቀርቶ፣ ከናሙናዎቹ አንዱ በ2024 በአሜሪካ ጨረታ 525,000 ዶላር ተሸጧል። ገንዘብ ባለበት አስመሳይ አይጠፋምና የሌላ አሻንጉሊት ካባ ቆርጠው ለጃዋ የሚያለብሱ አሉ። አስመስሎ የተሠራ ጠመንጃም ምልክት ሳይደረግበት ከዋናው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ጠንቃቃ ሰብሳቢ የሚያሻሽለውን ሌላ፣ የሚያስቀምጠውን ሌላ አድርጎ ይገዛል፤ የተለወጠውንም ዋና ዕቃ በላስቲክ አሽጎ ያኖራል።

ስለዚህ ትርፉ ወደ ዕቃ አምራቹ ያዘነብላል። ከ300 ዶላር በታች የሚገዛ የሬዚን ማተሚያ ያለው ሰው 30 ዶላር በሚያወጣ አንድ ኪሎ ሬዚን እያንዳንዳቸው 5 ግራም የሚመዝኑ 200 ጠመንጃዎችን ማውጣት ይችላል፤ ለአንዱ 15 ሳንቲም ማለት ነው። ሒሳቡ ግን ማታለያ አለው። መታጠቡ፣ በብርሃን መድረቁ፣ መሞረዱና መቀባቱ የሰው እጅ ነው፤ ተበላሽቶ የሚጣለውም ብዙ ነው። የፊልም ገጸ ባሕርይ መሣሪያ መቅዳት ደግሞ ከባለ መብቱ ኩባንያ ጋር ያካስሳል፤ ቀበቶ፣ ገመድ፣ ሣጥንና ብርጭቆ ግን ባለቤት የላቸውም።

ንግዱን በቅርቡ የመታው የቀረጥ ለውጥ ነው። ወደ አሜሪካ የሚላክ ከ800 ዶላር ያልበለጠ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚመጣ ዕቃ በሜይ 2025፣ ለሌሎች አገሮች ደግሞ በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ተቋርጧል። የአንድ ጠመንጃ ዋጋ 8 ዶላር ከሆነ የሚከብደው ቀረጡ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን የሚጨርሰው አመላላሽ የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።