የቤተሰብ መዝገብ በኮምፒውተር ሲያዝ፦ ፕሮግራሙ የት ይጫን?

በቤተ እስራኤል ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ዘመድ እስከ ሰባት ትውልድ እንደሚቆጠር የታወቀ ነው። ይህ ቆጠራ ለብዙ ዘመን በሽማግሌዎች ቃል ተጠብቆ ኖረ እንጂ በወረቀት ላይ የሰፈረው ጥቂቱ ነው። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድ የቀሩት ወገኖች ስምም ከሁሉ አስቀድሞ የተያዘው በቃል ነው። ዛሬ እነዚህን ስሞች የሚሰበስቡ ቤተሰቦችና ተመራማሪዎች በኮምፒውተር መዝገብ፣ ማለትም በዳታቤዝ ይጠቀማሉ። ስሙን የነገሩን ሽማግሌ ካለፉ በኋላ መዝገቡ ቢበላሽ ዳግመኛ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ስለዚህ መዝገቡና ፕሮግራሙ በኮምፒውተር ውስጥ የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባለውን እንውሰድ። ይህ ፕሮግራም በ1992 ለገበያ የቀረበ ሲሆን እስከ ዛሬም በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ይሠራበታል። በአክሰስ የተሠራ ሥራ ሲጀመር ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ውስጥ ይሆናል፤ ስምና ቀን የሚጻፍባቸው ሠንጠረዦችም፣ ለመጻፍና ለማንበብ የሚያገለግሉት ቅጾችም እዚያው ናቸው። የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ይህ አያስቸግርም። ሁለት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ግን ፋይሉ ለሁለት ሊከፈል ይገባል። ሠንጠረዦቹን ብቻ የያዘውን ክፍል «መዝገቡ»፣ ቅጾቹንና ሪፖርቶቹን የያዘውን «መሣሪያው» እንበለው። ይህን ክፍፍል የሚያከናውን ትእዛዝ በራሱ በአክሰስ ውስጥ አለ።

ዋናው ደንብ እንግዲህ የሚከተለው ነው። መዝገብ በአንድ ቤት ይቀመጣል፤ ብዕር ግን በየእጁ ነው። መዝገቡ አንድ ብቻ ሆኖ በጋራ ቦታ ይቀመጥ፤ የመሣሪያው ቅጂ ግን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየራሱ ኮምፒውተር ላይ ይጫን። ብዙ ሰዎች አንዱን የመሣሪያ ፋይል በአንድ ጊዜ ከከፈቱት ለብልሽት ይጋለጣል። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው እንኳ ከፍቶት ሳለ በተሻሻለ ቅጂ መተካት አይቻልም።

መሣሪያው በየሰው ኮምፒውተር ላይ ይሁን ካልን፣ በየትኛው ፎልደር? ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ፕሮግራም ፋይልስ የተባለውን ነው። በዊንዶውስ 95 እና 98 ዘመን ማንም ሰው በዚያ ፎልደር ያለ ከልካይ ይጽፍ ነበር። በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ እዚያ መጻፍ አይቻልም። የአክሰስ ፋይል ደግሞ በሥራ ላይ ሳለ በራሱ ውስጥ የሚጽፈው ነገር ስላለው፣ በዚያ ቦታ ሲቀመጥ የሚከፈተው ለንባብ ብቻ ይሆናል፤ ሥራውም ይሰናከላል። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ላይ የሚደርሰው ከዚህ የባሰ ነው። በፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሊጽፉ ሲሞክሩ ዊንዶውስ ጽሑፉን ሳይናገር ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር ያዞረዋል። በአንድ ኮምፒውተር የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በአንድ መዝገብ የሚጽፉ እየመሰላቸው በሁለት ልዩ ልዩ መዝገቦች ይጽፋሉ።

ለመሣሪያው የሚስማማው ቦታ በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ፎልደር ውስጥ፣ አፕዳታ ከዚያም ሎካል የተባለው ነው። እዚያ ለመጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በአንድ ኮምፒውተር የሚፈራረቁ ሠራተኞችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ይኖራቸዋል። ፎልደሩ የተሰወረ ስለሆነም ማንም ሳያስበው አይሰርዘውም። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ግን አይመረጡም፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ዋንድራይቭ ከተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ጋር የተያያዙ ናቸውና። ቦታው ከተመረጠ በኋላ በአክሰስ የታመኑ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ፣ አንዳንድ ሥራውንም ሊያግድ ይችላል። የሚመዘገበው ግን ያ ፎልደር ብቻ ነው። ዲስኩን በሙሉ የታመነ ማድረግ ለአደጋ በር መክፈት ነው።

መዝገቡስ? መዝገቡ ሁሉም በሚደርሱበት አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በጋራ ፎልደር ይቀመጣል። ሠራተኞቹ በዚያ ፎልደር የማንበብና የመጻፍ ብቻ ሳይሆን ፋይል የመፍጠርና የመሰረዝ ፈቃድም ሊኖራቸው ይገባል። ምክንያቱም አክሰስ መጀመሪያ የገባው ሰው ሲከፍት ከመዝገቡ ጎን የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፤ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ይሰርዘዋል። ወደ መዝገቡ የሚወስደው አድራሻም በኮምፒውተሩ ስም ይጻፍ እንጂ በዲስክ ፊደል አይሁን፤ ፊደሉ ከቢሮ ቢሮ ሊለያይ ይችላል።

የኔትወርኩ መስመር በሽቦ ቢሆን ይመረጣል። የገመድ አልባው መስመር በመጻፍ ላይ ሳሉ ለአፍታ ቢቋረጥ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። መዝገቡን በዋንድራይቭ ወይም በድሮፕቦክስ አስቀምጦ በጋራ መጻፍም አይገባም፤ እነዚህ ፋይሉን በሙሉ ስለሚገለብጡ የአንዱ ሥራ የሌላውን ሊሽር ይችላል። ሠራተኞቹ አንዱ በሐይፋ ሌላው በቤር ሼቫ ከሆኑ መዝገቡን እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ወዳለ ትልቅ ማከማቻ ማዛወርና መሣሪያውን ባለበት መተው ይቻላል። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ እንደማይዝም ይታወስ። የሽማግሌዎች የድምፅ ቅጂና ፎቶግራፍ በሌላ ፎልደር ይቀመጥና በመዝገቡ ውስጥ አድራሻው ብቻ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን መጠባበቂያ ካልተያዘ ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከዘጉ በኋላ የመዝገቡ ቅጂ ይወሰድ፤ አንዱ ቅጂም በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ቅጂውን አልፎ አልፎ ከፍቶ መመልከትም ያስፈልጋል፤ ያልተከፈተ ቅጂ ደኅና ስለ መሆኑ ማረጋገጫ የለውምና። መሣሪያው ግን ቢጠፋ በጥቂት ደቂቃ ከሌላ ኮምፒውተር ይገለበጣል።

እንግዲህ ልጃችሁም ሆነ ባለሙያ ፕሮግራሙን ሲጭንላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። መዝገቡ የት ነው? የእኔ መሣሪያ የት ነው? የትናንቱ ቅጂ የት ነው? ለሦስቱም ልዩ ልዩ ቦታ ካሳያችሁ ሥራው በሚገባ ተሠርቷል። ለሦስቱም አንድ ቦታ ካሳያችሁ ግን አንድ ስም እንኳ ሳትጨምሩ አስተካክሉት።